መስኮት አከፋፈት ላስተማሩን ክቡር ሊቀመንበር

ለክቡር ዶክተር ፎልክማር ትራውትቫይን
የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበራችን ሊቀመንበር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለክብርት ባለቤትዎ፣ እንዲሁም ኮረብታው ላይ ሆኖ እኛን ቁልቁል ለሚመለከተው ደረቅ ቤትዎ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እንደምን ከርመዋል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ ሁሉ ደህና እንዲሆን እመኝልዎታለሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ሳንባዎ ደህና ይሁን። ለሳንባዎ ይህን ያህል መጨነቄ ያለ ነገር አይደለም፤ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ።

እኔ ገርሊንደ ኦስቫልት ነኝ፤ እርስዎ ባለፈው ገና ዋዜማ ሰሞን ሪባን ቆርጠው በመረቁት በኤርለንግሩንዱ አዲስ ህንፃ፣ በታችኛው ወለል በስተግራ በኩል የምኖረው አሮጊት። ቁመቴ አጭር ድምፄ ግን ትልቅ ስለሆነ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። ይህን ደብዳቤ በከተማችን ጋዜጣ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ። ቢሮዎ የጻፍኩለትን ሁሉ በክብር ተቀብሎ በክብር ስለሚያስቀምጠው፣ ምናልባት እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ እየቀረ ይሆናል ብዬ አዘንኩልዎና፣ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦዎን ቅቤ ሲቀቡ በራሱ ጊዜ ጠረጴዛዎ ላይ እንዲመጣልዎ ብዬ ነው። ቢሸሽጉት እንኳ ጎረቤትዎ ያነብልዎታል።

በመጀመሪያ ለምን እዚህ ቤት እንደገባን ላስታውስዎ። ባለቤቴ ኤክሃርት ዕድሜውን ሙሉ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። የዚህ ከተማ ግማሹ ሰው ጠዋት የበላውን እሱ ነው የጋገረው፤ እርስዎም በልተዋል። የዱቄቱ ብናኝ ግን ቀስ በቀስ ሳንባውን ጨረሰው። የድሮ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለው ህንፃ ነበር፤ ኤክሃርት ደረጃ መሃል ላይ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን ሲለቃቅም ጎረቤቶች አይተው በየፎቁ ወንበር አስቀመጡለት። እሱ ደግሞ ሰው ወንበር አስቀምጦለት ማረፍ የሚያሳፍረው ሰው ነው። እናም ማኅበራችን ደረጃ የሌለው፣ ሙቀት ያለው፣ ለአዛውንት የሚመች አዲስ ቤት ሊሰጠን ነው ሲባል ሁለታችንም ኩሽናው ውስጥ ተቃቅፈን አለቀስን። የመጣነው ለእሱ ሳንባ ስንል ነው፤ ይህን ለአፍታም አይርሱብኝ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቅርብ፤ እርስዎ ነገር በቁጥር ሲቀርብልዎ እንደሚወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። ከመስከረም ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ ዝናቡ አላባራም ነበር። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ሆነን ሁሉን እናይ ነበር፤ ጣሪያው ሳይከደን ግድግዳው ሲታጠብ፣ ጣሪያው ሲከደን በረጠበው ላይ ልስን ሲለሰን፣ ልስኑ ሳይደርቅ ሊሾው ሲፈስ፣ ሊሾው ሳይደርቅ ምንጣፍ ሲነጠፍበት። ምን እንዲህ ያጣድፋቸዋል ስንል፣ ለካ እርስዎ ከገና በፊት ቁልፍ አስረክባለሁ ብለው ለከንቲባው ቃል ሰጥተው ኖሯል። ቃልዎን ጠበቁ፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። የምረቃው ዕለት ማርሽ ባንዱ ሲነፋ፣ የድንች ሰላጣው ሲታደል፣ ኤክሃርት መዳፉን መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ቢያሳርፈው ነጭና እርጥብ ሆኖ ተመለሰለት። እጁን ዘርግቶ አሳየኝና «ገርሊ፣ ይሄ ነገር እኮ መሃሉ ገና ጥሬ ነው» አለኝ። እርስዎ ከኋላችን ብርጭቆ ይዘው ቆመው ነበር። «አቶ ኦስቫልት፣ የቆሙት ቤት ውስጥ እንጂ ዳቦ ቤት ውስጥ አይደለም እኮ!» ብለው ሲስቁ እንግዶቹም ሳቁ፤ እኔም ለወጉ ያህል ሳቅሁ።

ከዚያ ወዲያ የሳቅነው ጥቂት ነው። ጠዋት ጠዋት የመስኮቱ መስታወት ፊቱን ታጥቦ ይጠብቀናል። ጨው ከማንኪያ አልወርድ ይላል። የኤክሃርት የክት ጫማ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳለ አረንጓዴ ጸጉር አበቀለ። አንሶላው ማታ ስንገባበት ከገመድ ላይ ቶሎ የወረደ ልብስ ይመስላል። በአልጋችን ራስጌ በኩል ያለው ጥግ መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ፤ በሆምጣጤ ፈትጌ ሳጠፋው ትንሽ ይታገስና በእጥፍ ሆኖ ይመጣል። ግድግዳው የሚያመነጨውን ይህን ሁሉ ውሃ በነፃ ስለፈቀዱልን እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፤ ስለ ደባሎቻችን አመሰግናለሁ። ሁለት ሰው ገብተን ሳለ በጥር ወር ቤቱ ሞላ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብርማ መልክ ያላቸው፣ መብራት ሲበራ እንደ ሌባ በየስንጥቁ የሚሸሹ ነፍሳት ተገኙ፤ እነሱስ ግድ የለም፣ ቢያንስ ሰው ያፍራሉ። ሌሎቹ ግን፣ ከሰሊጥ ፍሬ የሚያንሱት፣ አሸዋ የሚመስሉት፣ ምንም የማያፍሩ ናቸው። ግድግዳው ላይ፣ መጽሐፍ ጀርባ ላይ፣ ሥዕሉ መስታወት ውስጥ፣ የኤክሃርት ትራስ ላይ ሳይቀር ይንሸራሸራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ኤክሃርት የዱቄቱን ማሰሮ ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየ። ዱቄቱን ነፋ፣ እንደገና ነፋ፣ ከዚያ ሁሉንም ቆሻሻ ውስጥ ጨመረና ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እጆቹን አየ። አንጀቴን ነው የበላኝ። ሕይወቱን ሙሉ ዱቄቱ ውስጥ አንዲት ተባይ አስገብቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ያን ቀን ደወልኩልዎ። በዚያ ረጋ ባለ ድምፅዎ «ወይዘሮ ኦስቫልት፣ እነዚህ ነገሮች እኮ ከድሮ ቤትዎ በካርቶን ተጭነው የመጡ ናቸው፤ ህንፃው አዲስ ነው፣ አዲስ ህንፃ ውስጥ ነፍሳት የለም» አሉኝ። ደሜ ፈላ። የድሮ ቤታችን ጣሪያው ያዘነበለ፣ ወለሉ ሲጢጥ የሚል ነበር እንጂ ተባይ የሚባል ነገር አልነበረበትም። ቆይቶ የኤክሃርት የሳንባ ሐኪም ዶክተር ሎማን ነገሩን አስረዳችኝ፤ እነዚያ ትንንሾቹ የሚበሉት ሻጋታ ነው፣ እነሱ የሰፈሩበት ቦታ ሁሉ ዓይን ባያየውም ሻጋታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ለደባሎቻችን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ከማኅበራችን ጋር ግንኙነት ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ ግድግዳችን መታመሙን በግልጽ የነገሩን እነሱ ብቻ ናቸው።

ሦስተኛ፤ ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ወደር የለውም።

በእኛ አገር ቤት አለማናፈስ ምን ማለት እንደሆነ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ሰው ሚስቱን ቢፈታ፣ ሰክሮ ቢዘፍን፣ ቢከስርም ጎረቤት ይረሳለታል፤ ክረምት ከበጋ መስኮቱን ወለል አድርጎ የማይከፍት ሰው ግን ሰው አይባልም። ነፍሷን ይማርና እናቴ ከጦርነቱ በኋላ በነበረው ክረምት፣ መስኮቱ መስታወት አጥቶ በካርቶን በተደፈነበት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ካርቶኑን እያወረደች ቤቱን ታናፍስ ነበር ይባላል። እኔ የዚያች ሴት ልጅ ነኝ። ለእኔ ነው እንግዲህ እርስዎ የማናፈስ አስተማሪ የላኩልኝ!

ወይዘሪት ዶርንባህ የመጣችው ጭጋጉ ውጭ ያለውን ዛፍ በዋጠበት ቀን ነው። ትሁት ልጅ ናት፣ በእሷ አልፈርድም። ትንሽ የእርጥበት መለኪያዋን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «ወይዘሮ ኦስቫልት፣ እስቲ እንዴት እንደሚከፍቱ ያሳዩኝ» አለችኝ። ከፈትኩ። «አይ፣ እንደሱ አይደለም፤ ገርበብ ማድረግ ክልክል ነው፣ በሰፊው ነው፣ ሁሉንም ባንድ ጊዜ!» አለች። ሁሉንም ባንድ ጊዜ በሰፊው ከፈትን። ጭጋጉ እንደ ተጋበዘ ዘመድ ገብቶ ተቀመጠ። ኤክሃርት አልጋው ላይ የሱፍ ኮፍያውንና ሻሽ የሚያህል የአንገት ልብሱን እንደጠመጠመ ያስላል። «እሳቸው ለጊዜው ወደ ሌላኛው ክፍል ቢሄዱ?» ስትል፣ ኤክሃርት በሳሉ መሃል «ልጄ፣ ሌላኛው ክፍልም ትምህርት ላይ ነው» አላት። መለኪያው ከመክፈታችን በፊት ካሳየው በላይ እርጥበት አሳየ። ደንግጣ አየችኝ፣ መለኪያውን በጣቷ መታ መታ አደረገችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከሳምንት በኋላ ከቢሮዎ የመጣው መልስ «ተከራይዋ አከፋፈት ገና አልለመዱም» የሚል ነበር። ተከራይዋ! ኅብረት ሥራ ማኅበር ውስጥ እኔም እርስዎም አባላት መሆናችን፣ ወንበርዎም የእኛ ድምፅ ያለበት መሆኑ ተረሳዎት እንዴ፣ ክቡርነትዎ?

ያም ሳይበቃ በግቢያችን የመስኮት ተቆጣጣሪ ሾሙልን። ወይዘሮ ዚበንሃር በላይኛው ወለል የሚኖሩ፣ ከህንፃው ሁሉ በማናፈስ አንደኛ የተባሉ ሴት ናቸው። ከዚያ በኋላ መጥረጊያቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ እየተንጎራደዱ፣ ዓይናቸው በየመስኮቱ ላይ ሆኖ፣ «ወይዘሮ ኦስቫልት! የመኝታ ቤትዎ መስኮት ዛሬ ተኝቶ ነው እንዴ የዋለው?» ይሉኛል ሰው ሁሉ እየሰማ። «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ ዚበንሃር፣ እሱም እንደ ባሌ ትንሽ አሞት ነው» እላቸዋለሁ። እርር ድብን እያልኩ እገባና እከፍተዋለሁ።

እንዲህ እየከፈትን፣ እንዲህ እየተማርን፣ በየካቲት ኤክሃርት መተንፈስ አቃተው። አምቡላንስ መጥቶ ወሰደው።

እዚህ ላይ ቁጥር አልሰጥም፤ ይህ ምስጋና አይደለም። ዶክተር ሎማን ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ ቁጭ አድርጋ በግልጽ ነገረችኝ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ሰውየው ሊወጣ ይችላል፣ ግን ወደዚያ መኝታ ቤት ተመልሶ ከገባ ሁለተኛ ላይነሳ ይችላል። «ደረቅ ክፍል አለዎት?» ብላ ጠየቀችኝ። የለኝም። «እንግዲያው መጦሪያ ቤት እንፈልግለት» አለች። የተገኘው መጦሪያ ሌላ ከተማ ነው፤ ሁለት ባቡር ተቀይሮ ነው የሚደረሰው። እኔና ኤክሃርት ከተጋባን ወዲህ እሱ ሌሊት ለመጋገር ሲወጣ ካልሆነ በቀር ተለያይተን አድረን አናውቅም። ነገሩ እስኪወሰን ከተኛበት ክሊኒክ ማታ ማታ እየደወለ «ገርሊ፣ መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ይለኛል። ምን ልበለው? ነገ እለዋለሁ። ውሸት አልወድም፣ እርስዎ ግን ዋሾ አደረጉኝ፤ ለዚህ ይቅር አልልዎትም።

በዚያው ሳምንት እርስዎ ራስዎ መጡ። መምጣትዎ ትልቅ ክብር ነበር፤ ኩሽናዬ ውስጥ ኮትዎን ሳያወልቁ ቆመው፣ ጥቁሩን ጥግ አንድ ጊዜ ገልመጥ አድርገው «ወይዘሮ ኦስቫልት፣ እኔ እርስዎን መውቀስ አልፈልግም። ግን በዚህ ህንፃ ውስጥ እስካሁን ከእርስዎ በቀር ያማረረ የለም» አሉኝ። ይህን ስሰማ ተሸማቀቅሁ፤ አልክድም። ለካ እኔ ብቻ ነኝ፤ ለካ የእናቴ ልጅ ቤት ማናፈስ አቅቷት ባሏን አሳመመች አልኩ። እርስዎ ከወጡ በኋላ ግድግዳውን አልነካሁም፣ እራቴንም አልበላሁም።

በማግስቱ ሻጋታ የሚገድለውን መድኃኒት ልገዛ ራቅ ያለ ሰፈር ሄድኩ፤ እዚሁ ብገዛ ሰው ያየኛል ብዬ ነው። ጠርሙሱን አንስቼ ዘወር ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ወይዘሮ ዚበንሃር! የመስኮት ተቆጣጣሪያችን፣ በዘንቢላቸው ውስጥ፣ ከአበባ ጎመን ሥር ያንኑ ጠርሙስ፣ ያውም ሁለት፣ ደብቀው። ቀልተው፣ ነጥተው፣ እንደገና ቀልተው «ለእህቴ ልጅ ነው» አሉኝ። «እኔም ለእህትዎ ልጅ ነው የምገዛው» አልኳቸው። ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁ ሳያልቅ ልቅሶ ሆነ። «ቁም ሳጥኑን አስጠግቼበት ነው እንጂ የእኔ ግድግዳ እንደ ከሰል ነው፤ ቀን መስኮት እከፍታለሁ፣ ማታ መጋረጃ ዘግቼ እፈትጋለሁ። ሰው ቢያውቅብኝ ምን ይለኛል?» አሉኝ። እኔም የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ሁለት ጎልማሶች «እርስዎ» መባባልን ለመተው ስንት ዓመት እንደሚፈጅባቸው ያውቃሉ። እኔና ቫልቡርጋ ዚበንሃር እዚያው የሽንት ቤት ወረቀት መደርደሪያው ሥር ቆመን «አንቺ» ተባባልን።

ከዚያ በር ማንኳኳት ሆነ። የአውቶቡስ ሹፌሩ የአቶ ያልቺን ቤት የሕፃኑ አልጋ ኩሽና ውስጥ ነው፤ መኝታ ቤቱ ጣሪያው ሳይቀር ያብባል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛ አቶ ቴበ ግድግዳቸውን በአገር ካርታ ሸፍነውታል፤ ካርታውን ሲያነሱት ከሥሩ ያለው ጥቁር ከአንድ አህጉር ይሰፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁሉም ቤት ሆነ። ሁሉም ፊት ለፊት መስኮት እያናፈሰ፣ ከኋላ እየፈተገ፣ ከጎረቤቱ እየተደበቀ ነው የከረመው። የቫልቡርጋን የፕሪም ኬክ ከበን ስንቀመጥ አቶ ያልቺን «እኔንስ አንድ ነገር አሉኝ፤ ‹እስካሁን ከእርስዎ በቀር...›» ብሎ ሲጀምር፣ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ «ያማረረ የለም!» ብሎ ጨረሰለት። መዘምራን ብንሆን እንዲህ አንገጥምም ነበር።

ስለዚህ አራተኛ፤ ኀፍረታችንን ስላወቁበት አመሰግናለሁ። ሌላ አገር ቢሆን ሰው በመጀመሪያው ሳምንት አደባባይ ወጥቶ ይጮህ ነበር። እርስዎ ግን ሕዝብዎን ያውቃሉ። እኛ ግድግዳችን እየፈሰሰ እንኳ አናናፍስም ከምንባል አፋችንን ሸብበን ብንሞት እንደምንመርጥ ያውቁ ነበር፤ በዚያችው ገመድ እያንዳንዳችንን ለየብቻ አሰሩን። እንዲህ ያለ ብልሃት ግድግዳ ለማድረቅ ቢውል ኖሮ ዛሬ በየቤቱ አቧራ ይነሳ ነበር።

አምስተኛው የማሳያው ቤት ነው። በእኛው ወለል፣ ከበራችን ማዶ፣ ለቀጣዩ ህንፃ ለሚመዘገቡ ሰዎች የሚያሳዩት ቤት አለ። ከመኖሪያዎቹ ሁሉ አንድ እሱ ብቻ ደረቅ ነው፤ ምክንያቱም ከምረቃው በኋላ እርጥበት የሚመጥ ማሽን አስገብተው ሳምንታት ሙሉ ሲያስጮሁበት በግድግዳው በኩል እንሰማ ነበር። ማሽኑ እንዳለ፣ እንደሚሠራም፣ ለምን እንደሚያስፈልግም ያውቁ ነበር ማለት ነው! ዛሬ እዚያ ውስጥ የመስታወት ጠረጴዛ፣ የፕላስቲክ ሎሚ፣ ማንም ያልተኛበት ሰፊ አልጋ ተቀምጧል። ኤክሃርት እስኪሻለው፣ የእኛ ቤት እስኪደርቅ፣ እዚያ እንድንቆይ በትሕትና ለመንኩዎት፤ ለምኜ የማላውቀው ሴት ለመንኩ። የመለሱልኝን መልስ ከተማው ይስማው። «ወይዘሮ ኦስቫልት፣ ሰው ከኖረበት እኮ ማሳያ መሆኑ ይቀራል» አሉኝ።

ሄጄ ለቫልቡርጋ ነገርኳት። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ፣ ከሽርጧ ኪስ ቁልፍ አወጣችና «ይሄን ያውቁታል?» አለች፤ ተናዳ ስለነበር «አንቺ» ማለቱ ጠፍቶባት ነው። የማሳያው ቤት ቁልፍ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያን ቤት በየቀኑ የሚያናፍስ እምነት የሚጣልበት ሰው ሲፈልጉ፣ ከህንፃው ሁሉ በማናፈስ አንደኛ ለሆነችው ሴት ነዋ የሰጡት! ምርጫዎ ትክክል ነበር፤ ከእሷ የተሻለ ሰው አያገኙም።

ባለፈው ቅዳሜ ግቢ የምንጠርግበት ቀን ስለነበር ሁላችንም መጥረጊያና አካፋ ይዘን ውጭ ነበርን። የቀትር የጸጥታ ሰዓት እስኪያልፍ ጠበቅን፤ የህንፃው ደንብ ነው፣ ደንብ አንጥስም። ሰዓቱ እንዳለፈ አቶ ያልቺንና ልጆቹ የኤክሃርትን አልጋ፣ አቶ ቴበ ፍራሹን፣ እኔ ትራሱን ተሸክመን ተሻገርን። ፍራሹ አዲስ ነው፣ ጎረቤት አዋጥቶ የገዛው፤ የድሮውን ለደባሎቻችን ትተንላቸዋል። የፕላስቲክ ሎሚዎቹን በጥንቃቄ ጠቅልለን ቢሮዎ በር ላይ አስቀምጠንልዎታል። ሰኞ ክሊኒኩ ሰው ልኮ ክፍሉን አየ፣ እርጥበቱን ለካ፣ ደረቅ ነው ብሎ ፈረመ። ረቡዕ ኤክሃርት መጣ። በበሩ ገብቶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና እጄን ያዘኝ።

ያለ ፈቃድ ገባችሁ ይሉን ይሆናል። ልክ ነዎት፣ ያለ ፈቃድ ነው። ፍርድ ቤት ቢወስዱን ደስ ይለናል፤ የህንፃው ሰው ሁሉ ምስክርነት ተመዝግቧል፣ ዳኛውም መጥቶ የየቤታችንን ጥግ ቢያይ የድንች ሰላጣ እናቀርብለታለን። ማሽኖቹን በየቤቱ አስገብተው ግድግዳችንን እስኪያደርቁ ድረስ እኛ ከማሳያው ቤት አንወጣም። ሲደርቅልን በማግስቱ አልጋችንን ተሸክመን እንመለሳለን፤ የሰው ቤት አንፈልግም፣ የራሳችን ይበቃናል። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ደግሞ የሊቀመንበርነቱ ወንበር ድምፅ እንዲሰጥበት የህንፃችን አባላት ሁሉ ጠይቀናል። ለዚያ ጉባኤ ሲመጡ ንግግርዎን አሳጥረው ይምጡ፤ ብዙ ሰው ይናገራል።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ደረቅ አንሶላ፣ ደረቅ ጫማ፣ ጨው የሚወርድበት ማንኪያና ነፍሳት የሌለበት ዱቄት ሳይለይዎት፣ በልጅ ልጆችዎ ሳል ከእንቅልፍዎ ሳይነቁ፣ እስከ ጉባኤው ዕለት ድረስ በወንበርዎ ላይ በሰላም እንዲቆዩ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት፣ እጅ ሳልነሳ፣

የማኅበሩ አባል፣ ከእርስዎ እኩል ባለ አንድ ድምፅ፣
ገርሊንደ ኦስቫልት
ለጊዜው ከማሳያው ቤት

ደብዳቤውን ካጠፍኩ በኋላ ያከልኩት፦ ጎብኚዎችን ይዘው ወደ ማሳያው ቤት መምጣት እንደሚፈልጉ ለቫልቡርጋ ነግረዋታል አሉ። ደስ ብሎናል፣ ይምጡ። ደወሉን ከደወሉ በኋላ ግን ትንሽ ይታገሱን፤ ኤክሃርት ከአልጋው እስከ በሩ ሲመጣ መሃል ላይ ቆሞ ያርፋል። እኔ ልከፍት ብል እንቢ ብሎኛል፣ ለእርስዎ ራሱ ነው የሚከፍትልዎት። በጥር አንድ ቀን ስልክ ደውሎልዎ ነበር፤ ትንፋሽ አጥሮት ቃሉ መሃል ላይ ሲቆረጥበት እርስዎ «መስመሩ አይሰማም» ብለው ዘጉበት። መስመሩ ይሰማ ነበር። የቀረውን አሁን በሩ ላይ ይነግርዎታል፤ ለመጨረስ የሚበቃው ትንፋሽ አለው።